አሥራ ሰባት ኪሎ ተኩል መዝሙር

ኦቾሎ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ አስቴር፣

የሰላም አምላክ ባለሽበት ይጠብቅሽ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። እኔም ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም አልታመመም፣ ሥራ ነው ያቆመው። ባለፈው በስልክ ያን ሁሉ ደቂቃ ስትጮኺ "እሺ፣ እሺ" ያልኩሽ አንድ ቃል ሳልሰማ ነው፤ ይቅር በይኝ። ኋላ አሮን ምን እንዳልሽ ሲጠይቀኝ "ሰላም በሉልኝ ብላለች" አልኩት። መቼም ይህን ሳትዪ አትቀሪም። ከእንግዲህ በወረቀት ብንነጋገር ይሻላል። ቅዳሜ ለገበያ የሚወርድ ሰው ደብዳቤውን እታች ሲቀላ ከተማ ያደርሰዋል፤ ከዚያ የአውቶቡሱ ሹፌር ጌዲዮን ይዞልሽ ይመጣል። የታመነ ሰው ነው፤ የላክሁልሽን ሙዝ አንድም ሳያጎድል አድርሶ የለ?

በቁራጭ ወረቀት የላክሽውን ጥያቄ ለኮሚቴው አቅርቤዋለሁ። ላፕቶፑ ውስጥ የሚገባው ምን ያህል ነው ብለሽ ነበር። እንደምታውቂው የመዘምራኑ ሠላሳኛ ዓመት ለገና ይከበራል፤ እስከዚያ የሠላሳ ዓመቱ ካሴት ሁሉ ወደ ላፕቶፕ መግባት አለበት። ስለዚህ ካሴቶቹን በሁለት ቅርጫት አውጥተን በጥጥ ሚዛን መዘንናቸው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ካሴት ከነቤታቸው አሥራ ሰባት ኪሎ ተኩል ናቸው። ያለቤታቸው ደግሞ አሥር ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ሰብሳቢያችን ወንድም አጵሎስ "ዕቃ ከነማሸጊያው ነው የሚመዘነው" ስላለ አሥራ ሰባት ተኩሉን ያዢ። አሮን፣ ያ ኮምፒውተር ሁለት ወር የተማረው አስተማሪ፣ ነገሩ በኪሎ እንዳልሆነ ሊናገር ፈልጎ ነበር። ነገር ግን በአቀማመጡ ስምንተኛ ስለሆነ የመናገር ተራው ሲደርስ ተመዝኖ አልቋል።

ሁለተኛውን ጥያቄሽንም፣ የትኛው ላፕቶፕ ይገዛ ያልሽውን፣ ተነጋግረንበታል። ከሦስቱ መጠኖች ትንሹ ይሁን፣ ባለ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስቱ፣ ብለን ሁላችን ተስማምተናል። ምክንያቱም ትልቅ ጎተራ ያለው ሰው የጎረቤቱን እህል እምቢ ማለት አይችልም። ትልቅ ላፕቶፕ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መኖሩ ቢሰማ አገሩ ሁሉ ዕቃውን ተሸክሞ ይመጣል፤ ትንሽ ከሆነ ግን "ሞልቷል" ብለን በሰላም እንኖራለን።

ቃለ ጉባኤውን እኔ ጻፍኩት፣ በጣም አምሮልኛል። ተራ ቁጥር ሦስት እንዲህ ይላል፦ "ከመዝሙር በቀር ያለው ድምፅ፣ ማለትም ሳል፣ ወሬ፣ የከብትና የዶሮ ጩኸት፣ ቦታ እንዳይፈጅ ተቆርጦ ይወጣል።" ሐሳቡ የወንድም አጵሎስ ነው፣ አማርኛው የእኔ።

ካሴት ቁጥር ስድስትም ከነዚያው ውስጥ ናት። በ1987 እኛ ቤት የተቀዳችው፣ እናትሽ ያለችበት። አቢጋኤል ካረፈች አሥራ ስድስት ዓመት ሆነ፤ ድምፅዋ ያለበት ሌላ ነገር የለንም። ቴፑ ካሴት መብላት ከጀመረ ወዲህ ማንም አልነካትም። እንግዲህ ለገና እንሰማታለን።

አባትሽ ደግፌ

*

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 17 ቀን 2017

ውድ አባዬ፣

ደብዳቤህ ከሙዙ ጋር ደረሰኝ። ላብራቶሪ ውስጥ ከፍቼ ሳነበው በሳቅ የሰው ደም ልደፋ ነበር።

አባዬ፣ በኪሎ አይደለም። አሥራ ሰባት ኪሎ መዝሙር ብትጭንበት ላፕቶፑ አንዲት ግራም አይጨምርም። የሚለካው በጊጋ ነው፤ የእናንተ ካሴት ሁሉ ተደምሮ ቢበዛ አሥራ አምስት ጊጋ ይሆናል። ስለዚህ ትንሹ ከበቂ በላይ ነው። ባለሱቁ "ለጌም ነው ለቢሮ?" ሲለኝ "ለመዘምራን" ብለው፣ "እንግዲያው ትልቁን፣ ባለ አንድ ቴራውን ውሰጂ" አለኝ። መዘምራን ቪዲዮ ሲቀዱ መጨረሻ እንደሌላቸው የሚያውቅ ሰው ነው። እኔ ግን የሽማግሌ ቃል ይዣለሁ አልኩት።

አንድ ነገር ለኮሚቴው ቀድመህ ንገራቸው፣ እንዳይደነግጡ። ላፕቶፑ ገና ሲከፈት ከቦታው የተወሰነው ተይዞ ነው የሚመጣው፤ እሱ ራሱ የሚሠራበት ዕቃ ነው። ማንም አልሰረቃቸውም።

ሁላችሁ ከተስማማችሁ ነገ ከሥራ ስወጣ እገዛዋለሁ። ካሴት ስድስት ላይ እማዬ ብቻዋን ትዘምራለች እንዴ? ያኔ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ምንም ትዝ አይለኝም።

ልጅህ አስቴር

*

ኦቾሎ፣ ኅዳር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

አስቱ፣

ሰላምታው ይቆየኝና፣ ላፕቶፑን አልገዛሽም አይደል? ካልገዛሽ አትግዢ። ከገዛሽም እንዳልገዛሽ ይሁን።

"ተስማምተናል" ብዬ የጻፍኩት ውሸት አይደለም፣ ተስማምተን ነበር። ግን ዝናብ መጥቶ በተነንና ተነሥተን አልተመራረቅንም። ያልተመረቀበት ስምምነት ምን እንደሆነ የኦቾሎ ልጅ ሆነሽ እኔ ላስተምርሽ አይገባም። የምንቀመጠው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው እንጂ አቀማመጣችን የዱቡሻ፣ የአባቶቻችን የሸንጎ ሜዳ ነው፤ እጅ ተቆጥሮ የሚያልቅ ነገር የለም። አንድ ሰው ፊቱን ካጠቆረ ነገሩ ወደ ሚቀጥለው እሑድ ይሻገራል። ትናንት ፊቱን ያጠቆረው ሰው እኔ ነኝ።

ምክንያቱን ለአንቺ ብቻ ልንገርሽ። እናትሽ ብቻዋን ትዘምራለች ወይ ብለሽ ባትጠይቂኝ ኖሮ ተኝቼ ነበር። ብቻዋን አትዘምርም፤ ሃያ ሰው መካከል ናት፣ የሷን ድምፅ ለይቶ የሚያወጣ ጆሮ የለም። ነገር ግን ሦስተኛው መዝሙር እኩሌታ ላይ ድንገት መዝሙሩን አቁማ "የአስቴር አባት፣ በሩን ዝጋ" ትለኛለች። ቀጥሎ ስለ አንዲት ዶሮ አንድ ነገር አለች፣ እሱን ረስቼዋለሁ። ከዚያ ሳቀችና መዝሙሩን ካቆመችበት አነሣችው። ትናንት ሰዓት ይዤ በሐሳቤ ደጋግሜ ለካሁት፤ አሥራ አንድ ሰኮንድ ነው።

አሁን ገባሽ? ያቺን አሥራ አንድ ሰኮንድ የቆረጥኳት እኔው ነኝ። ወሬም አለባት፣ ዶሮም አለባት። በተራ ቁጥር ሦስት፣ በገዛ እጄ፣ ያን በሚያህል ያማረ አማርኛ።

ካሴቶቹን የሚገለብጡልን መምህር ዘሚካኤል ናቸው። ፊዚክስ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡት፣ ከጎጃም መጥተው ሲቀላ የቀሩት ሰውዬ። ቁጥር ስድስትን ብርሃን ላይ አይተው "ይህቺ አንድ ጊዜ ትዞራለች፣ ሁለተኛ ግን የለም፤ ትበጠሳለች" አሉኝ። በዚያች አንድ ዙር የተቆረጠ ነገር ቀረ ማለት ነው።

ስለዚህ ትልቁ ይገዛ፣ ባለ አንድ ቴራው። ቦታው ከተረፈ "ቦታ እንዳይፈጅ" የሚለው ምክንያት ራሱ ይወድቃል። ትናንት ለምን ሐሳብህን ቀየርክ ሲሉኝ ስለ ዮሴፍና ስለ ግብፅ ጎተራ አንድ ሰዓት ያህል ተናገርኩ። የሰው ልብ የተነካ ይመስላል። ከረሃቡ በፊት ትልቅ ጎተራ ባይሠራ ምን ይውጣቸው ነበር?

አባትሽ ደግፌ

*

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2017

ውድ አባዬ፣

ጤናህ እንዴት ነው? የእኔ ጤና ደህና ነው። ያለሁበት ክፍልም ደህና ነው። የአየሩ ሁኔታም ጥሩ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ይበርዳል።

ላፕቶፑን በሚመለከት፣ ሁሉም ነገር በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል። ለጊዜው ባለሱቁ ለቅሶ ሄዷል። ሲመለስ እንነጋገራለን። ለቅሶው ሩቅ ነው ይላሉ። እግረ መንገዴን ልጠይቅህ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሶኬት ከጠረጴዛው ምን ያህል ይርቃል? የቻርጀሩ ሽቦ አጭር ነው። ማለቴ፣ አጭር ይመስለኛል፣ በፎቶ ሳየው።

አባዬ፣ ስለዚያች አሥራ አንድ ሰኮንድ ግን ቁም ነገር ልንገርህ። ላፕቶፕ ውስጥ ምንም አትይዝም። አንዲት ዶሮ በስልክ ፎቶ ብታነሳት ፎቶዋ ከእማዬ ንግግር አሥር ጊዜ የበለጠ ቦታ ይፈጃል። ለዚህ ብለህ ትልቁን ማስገዛት የለብህም። ለምን ተነሥተህ አትነግራቸውም? ባለቤቴ ናት፣ አትቁረጧት በል። ማን እምቢ ይልሃል?

ስሜን ጠርታለች አላልከኝም ነበር። ደብዳቤህን ካነበብኩ ጀምሮ እማዬ "አስቴር" ስትል እንዴት እንደነበር ለማስታወስ እየሞከርኩ ነው። ፊቷ አለ። ቀሚሷም፣ አረማመዷም አለ። ድምፅዋ ግን ጠፍቶብኛል፣ አባዬ። ብቻዋን ብትዘምር ባትዘምር አይገደኝም፣ ያቺን አንድ ቃል እፈልጋለሁ።

ልጅህ አስቴር

*

ኦቾሎ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ አስቴር፣

የባለሱቁን ነገር ሰምተን ሁላችንም አዝነናል። ማን ነው የሞተበት? እሑድ በምስጋናው ሰዓት ተነሥቼ ነግሬያቸው መላው ጉባኤ በጸሎት አስቦታል፤ እትዬ ምኞትማ አልቅሳለች። ስሙን ላኪልን፣ እስካሁን "ያ በሩቅ አገር ያለው ባለሱቅ" እያልን ነው የምንጸልየው።

ሶኬቱ ከጠረጴዛው ስምንት እርምጃ ነው። ለምን እንደጠየቅሽ አልገባኝም፣ ግን ለክቻለሁ።

አሁን ደስ የሚለውን ልንገርሽ። የዮሴፍ ነገር ከጠበቅሁት በላይ ሠርቷል። ትናንት ባለ አንድ ቴራው እንዲገዛ ሁሉም ተስማማ፤ ተነሥተን ተመራረቅን፣ አለቀ። የተዋጣው ገንዘብ ለትልቁም ይበቃል ብለሽን ነበርና ከዚያ ግዢ። ችግሩ እንደተፈራው ሆነ። ምርቃቱ ሳያልቅ እትዬ ምኞት የአራት ልጆቿን የሠርግ ቪዲዮ ይዛ ቆመች። ሌላው የወንድሙን የምረቃ ፎቶ፣ ሌላው የመሬቱን ማስረጃ። አንዱ ደግሞ የበሬውን ፎቶ ይዞ መጣ፣ ቢጠፋ ለማስረጃ እንዲሆነው። እኔ ራሴ የሠራሁት ጎተራ ስለሆነ ማንንም እምቢ ለማለት አፍ የለኝም።

ላፕቶፑ ከቦታው የተወሰነውን ራሱ እንደሚይዝም ነገርኳቸው። አልወደዱትም። ባዶ ቤት ተከራይተን አከራዩ አንዱን ክፍል ቆልፎ ተቀመጠ ማለት ነው አሉ፤ ይውጣልን የሚል ጥያቄ ለባለሱቁ አቅርቢልን፣ ከሐዘኑ ሲመለስ።

የሚያሳዝነው ግን ይህ ነው። ቦታው ሰፍቶም ወንድም አጵሎስ ከተራ ቁጥር ሦስት ፍንክች አላለም። አሮን ተራው ሲደርስ፣ አንቺ እንዳልሽው፣ አሥራ አንድ ሰኮንድ ከዶሮ ፎቶ እንደማትበልጥ አስረዳ። ወንድም አጵሎስ "አንድ ቴራም ይሁን ሁለት ቴራ፣ ዶሮ አይገባበትም" አለ። ካሴት ስድስት ሲነሣ ፊቱ ይለዋወጣል። ሲቀላ ወርዶ መምህር ዘሚካኤል አጠገብ ቁጭ ብሎ ራሱ እንደሚያስቆርጥ ተናግሯል። ይህን ያህል የጠላው ዶሮዋን ነው ወይስ እናትሽን? በሕይወቷ ሳለች ተጣልተው አያውቁም።

ለምን አትነግራቸውም አልሽኝ። ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ጸሐፊ ሆኛለሁ። ስንቱ ሰው የቤቱን ነገር ይዞ ሲነሣ "ይህ የግል ጉዳይ ነው፣ አጀንዳ አይደለም" ብዬ ያስቀመጥኩ እኔ ነኝ። አሁን ሚስቴ ናፈቀችኝ የሚለውን በየትኛው ተራ ቁጥር ልጻፈው?

አባትሽ ደግፌ

*

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017

አባዬ፣

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለህ አንብበው። አጠገብህ ሰው ካለ ይውጣ።

ማንም አልሞተም። ባለሱቁ ደህና ነው፣ ቤተሰቡም ደህና ነው። ትናንት ደብዳቤህን እንዳነበብኩ ደንግጬ ሱቁ ድረስ ሄጄ ጤንነቱን አረጋግጫለሁ። እትዬ ምኞት ስለ እሱ ማልቀሷን ሳስብ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ላፕቶፑን ኅዳር 18 ገዝቼዋለሁ። ትንሹን፣ ባለ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስቱን። "ተስማምተናል" ስትለኝ አለቀ ብዬ ሮጥኩ፤ መመራረቅ የሚባል ነገር እንዳለ እዚህ ስኖር ረስቻለሁ። አትግዢ ያልከው ደብዳቤ ሲደርስ ላፕቶፑ እቤት መጥቶ ተከፍቷል። የተከፈተ ዕቃ ደግሞ አይመለስም። ይኸው አራት ሳምንት ሊሞላው ነው፣ አንተ ሸምነህ በሰጠኸኝ ጋቢ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥኔ ውስጥ አለ። አንተ እዚያ ስለ ዮሴፍ ስትናገር እኔ እዚህ ቁም ሣጥን መክፈት ፈርቼ ያንኑ አንድ ሹራብ ስለብስ ከረምኩ።

መጀመሪያ የዋሸሁት ኮሚቴውን ፈርቼ ነው። ኋላ ግን የፈራሁት ሌላ ነው። በእኔ መቸኮል የተነሣ ቦታ ጠበበ ተብሎ እማዬ ትቆረጣለች ብዬ ነው። እንደማይሆን አውቃለሁ፣ ሒሳቡን ለአንተ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ግን ፍርሃት ሒሳብ አይሰማም። ይቅር በለኝ፣ አባዬ።

ላፕቶፑን በጌዲዮን ልኬዋለሁ። ለካሳ ደግሞ ከውጭ የሚሰካ ሃርድ ዲስክ ገዝቻለሁ፤ ሠርጉም በሬውም እዚያ ላይ ይግባ፣ ከጎተራው አጠገብ እንደ ተሠራ ሌላ ጎተራ ቁጠሩት። እማዬን ግን ውጭ አታስቀምጧት፣ ውስጥ ትግባ። ትልቅ ሄድፎንም አለ፣ የአንተ ነው። ባለሱቁ "ይህ ለደንቆሮም ይሰማል" ብሎኛል፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ አባቴ እንደሆንክ አያውቅም።

እሑድ መዋሸቴን ለጉባኤው መንገርህ አይቀርም። ያን ጊዜ እግረ መንገድህን የእሷንም ንገራቸው። አንዴ ከተነሣህ አይቀር።

ልጅህ አስቴር

*

ኦቾሎ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ አስቴር፣

ላፕቶፑ ከነጋቢው ደረሰ። ጌዲዮን እንደ ሕፃን ታቅፎ ነው ያመጣው። ይቅር ብየሻለሁ፤ የተናደድኩት ከሲቀላ እስከ ዳገቱ መጀመሪያ ብቻ ነው። ዳገቱን ስጀምር ለመናደድ ትንፋሽ አልቀረኝም።

ትናንት ተነሣሁ። መጀመሪያ የአንቺን ነገር ተናገርኩ። ባለሱቁ ሰው አልሞተበትም ስል እትዬ ምኞት "ተመስገን፣ ጸሎታችን ተሰማ" አለች። ይህን ማን ይመልስላታል? ትንሹ ተገዝቷል ስል አጉረመረሙ። ሃርድ ዲስኩን አወጣሁና በሬውም እንደሚገባ ነገርኳቸው፣ ያን ጊዜ ተረጋጉ። ቅጣትሽም ተወስኗል። ለፋሲካ መጥተሽ ፊት ለፊት ይቅርታ ትጠይቂያለሽ፤ ይህ ያለ ክርክር ያለፈ የመጀመሪያው ውሳኔ ነው።

ከዚያ አልተቀመጥኩም። ተራ ቁጥር ሦስት ይሰረዝልኝ አልኩ። ለምን ቢሉኝ ስለ ግብፅ አልተናገርኩም። አቢጋኤል ካሴት ስድስት ላይ በሩን ዝጋ ትለኛለች፣ ሌላ ድምፅ የለኝም፣ ናፍቃኛለች አልኩ። እንዲሁ አልኩት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። በሕይወቴ ያቀረብኩት ከሁሉ አጭሩ አጀንዳ ነው።

ሁሉም ወንድም አጵሎስን ማየት ጀመረ። እሱ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ወጣ። ተቆጥቶ የሄደ መስሎን ነበር። ግን ውጭ እርጥብ ሣር ነጭቶ በእጁ ይዞ ተመለሰ፤ ሰው እንደዚያ የሚይዘው ይቅርታ ሊጠይቅ ሲሆን ነው። መካከላችን ቆመና ይህን አለ፣ አሮን ጆሮዬ ላይ እየጮኸ ደገመልኝ፦

"ዶሮዋ የእኔ ናት። በ1987 ለጌታ ሥራ እሰጣለሁ ብዬ ቃል የገባኋት ናት። ኋላ ሳሳሁና ጭልፊት ወሰዳት አልኳችሁ። በሳምንቱ ደግፌ ቤት ስንዘምር ከኋላዬ ተከትላኝ ገባች። አቢጋኤል አይታኛለች፣ ካሴቱም ሰምቷል። ጭልፊቱ እኔ ነኝ።"

ያን ቀን ከዘመርነው በሕይወት ያለነው ሰባት ነን። ሁላችን ስቀን ረስተነዋል፤ ሠላሳ ዓመት ያልረሳው እሱ ብቻ ነው። ሰውዬው በሁለት መቶ አሥራ ሁለት ካሴት መካከል አንዲት ዶሮ ስትጮህበት ኖሯል። እኔ እናትሽን ጠልቷል እያልኩ ስጠረጥረው ነበር፣ እኔም ይቅርታ ጠየቅሁት። አሮን አንዲት ዶሮ በሠላሳ ዓመት ስንት ጫጩት እንደምታወጣ በስልኩ ማሰብ ጀምሮ ነበር፤ ተራህ አይደለም ብለን አስቆምነው። ወንድም አጵሎስ አንዲት ዶሮ ይስጥ፣ ይበቃል ተባለ። ተነሥተን ተመራረቅን፣ በዚህ ጊዜ ዝናብም አልመጣም።

ቃለ ጉባኤውን አስተካክዬ ጽፌዋለሁ። ተራ ቁጥር ሦስት አሁን "ዶሮዋ ትግባ" ይላል።

ረቡዕ ካሴቶቹን ይዤ ወደ መምህር ዘሚካኤል እወርዳለሁ። ወንድም አጵሎስም ካልመጣሁ ብሏል። አንድ ዙር ብቻ ናት፣ አስቱ። ጸልዪ።

አባትሽ ደግፌ

*

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2017

አባዬ፣

ደብዳቤህን ዛሬ ጠዋት አነበብኩት። ጌዲዮን ለገና ሰው ጭኖ ነገ ስለሚመለስ በሩ ላይ አቁሜው ነው የምጽፈው። ሌላውን ሁሉ ተወው፣ ፋሲካም እመጣለሁ። ይህቺን ብቻ ንገረኝ፦ ዞረች? ወይስ ተበጠሰች?

አስቴር

*

ኦቾሎ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ አስቴር፣

እንኳን ለጌታ ልደት አደረሰሽ።

ዞረች። መምህር ዘሚካኤል ሁለት ቀን ሙሉ በጥጥና በአልኮል ሲያጸዷት ሰነበቱ። ሲከፍቷት ወንድም አጵሎስ ክንዴን ይዞ ነበር፣ እኔ ደግሞ የሱን። እኔ ምንም አልሰማሁም፤ የመምህሩን ፊት ብቻ አያለሁ። እስከ መጨረሻው መዝሙር ሄደችና እዚያው ተበጠሰች። መምህሩ አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ፣ ገብታለች ማለታቸው ነው።

ትናንት ለገና በትልቁ ድምፅ ማጉያ አሰሙት። ቤቱ ሞልቶ ሰው ውጭ ቆሟል። እኔ ከፊት ተቀምጬ የሰዉን አፍ እያየሁ ነበር። ሦስተኛው መዝሙር ላይ ሁሉም ባንድ ጊዜ በሳቅ ፈነዳ፤ ወንድም አጵሎስ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ፣ ትከሻው ግን ይስቃል። እትዬ ምኞት በሳቅም በእንባም ነበረች። ሁሉም ሰማት፣ ከእኔ በቀር። ለዚህ ነው እንዴ ያን ሁሉ እሑድ ፊቴን ያጠቆርኩት ብዬ ትንሽ ከፋኝ።

ከጉባኤው በኋላ አሮን ያንቺን ሄድፎን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ፤ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ ያቺን ቦታ ብቻ አመጣልኝ። አስቴር፣ አራት ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ "ምን አልክ?" ስል ኖሬአለሁ። ለሷ ግን አላልኩም። እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ። "የአስቴር አባት፣ በሩን ዝጋ። ጭልፊት የወሰዳት የአጵሎስ ዶሮ መጣች።" ከዚያ ሳቀች። ልክ አሥራ አንድ ሰኮንድ ናት፣ በሐሳቤ የለካሁት ትክክል ነበር። ስምሽን ስትጠራ የመጨረሻዋን ፊደል ትንሽ ትስባታለች። ፋሲካ ስትመጪ ትሰሚዋለሽ፣ ያን ጊዜ ትዝ ይልሻል።

ምንም ቦታ አትይዝም ብለሽኝ ነበር። አሮንም ያቺን ቦታ ለብቻዋ ገልብጦ የምትይዘውን አሳየኝ፤ ከቁጥሮቹ ሁሉ ትንሿ የሷ ናት። ገርሞኛል። እኛ ቤት ስትኖር እንዲህ አልነበረችም።

ከዚያ ያደረግሁትን ልንገርሽና ብትስቂም ሳቂ። ሄድፎኑን ሳላወልቅ ተነሣሁ። ሽቦው ተነቅሎ በኋላዬ ይጎተት ነበር አሉ። አሮንም ወንድም አጵሎስም እያዩኝ ቤተ ክርስቲያኑን አቋርጬ ወደ በሩ ሄድኩ። በሩ ተዘግቷል። ከፈትኩና እንደገና ዘጋሁት።

የአስቴር አባት